ቪዲዮውን አቁሙት፣ እርሳሱን አንሱ
(ደሴ ላይ ለዩኒቨርሲቲ ገቢ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው የተደረገ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ! አሰላሙ አለይኩም! ሰላም ለሁላችሁም ይሁን!

ከሰኞ ገበያ፣ ከቧንቧ ውሃ፣ ከሸዋ በር የመጣችሁ፤ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከኩታበር ተሳፍራችሁ የመጣችሁ፤ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ገበያ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ። ያን ሁሉ ትታችሁ ስለ ፊዚክስ ልትሰሙ መቀመጣችሁ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ያክብርልኝ።

ዛሬ የማወራው የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ፊዚክስን በኢንተርኔት ስለ መማር ነው። ሦስት ነገር አነሳለሁ። መጀመሪያ ምን እንዳለና ከየት እንደሚገኝ። ቀጥሎ እንዴት እንደሚጠና። በመጨረሻ ደግሞ ኔት ሲጠፋ፣ ብር ሲያጥር፣ ብቻችንን ስንቀር ምን እንደምናደርግ። ሁለተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ። ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

ወላጆች ለምን እንደምትሰጉ አውቃለሁ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ቀን ስንት ቤት ውስጥ ቡና ሳይፈላ እንደዋለ ታስታውሳላችሁ። ልጁ አልፎ ዩኒቨርሲቲ ቢገባም ስጋቱ አያበቃም። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ፍሬሽማን ላይ ጄኔራል ፊዚክስ ይጠብቀዋል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ቤተ ሙከራ ያላየ ልጅ፣ መጽሐፉን ለሦስት ለአራት ሲጋራ የኖረ ልጅ፣ በጦርነቱ ጊዜ ትምህርቱ የተቋረጠበት ልጅ እዚያ ሲደርስ ምን ይሁን? ይህን ጥያቄ ይዤ ነው የመጣሁት።

እንግዲህ አንደኛው ነጥብ። ምን አለ? ብዙ አለ፤ አብዛኛውም በነፃ ነው። የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ማቴሪያሉን በኢንተርኔት ለዓለም በነፃ እንደሚለቅ ያሳወቀው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። የመጀመሪያ ዓመት ፊዚክሱ ቪዲዮው፣ ማስታወሻው፣ መልመጃው ከነመልሱ እዚያ አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤምአይቲና ሃርቫርድ ኤዴክስን ጀመሩ። እዚያ ቀን ተቆርጦለት የሚሄድ ኮርስ ታገኛላችሁ። መከታተሉ በነፃ ሊሆን ይችላል፤ ሰርተፊኬቱ ግን ገንዘብ ይጠይቃል። በዚያው በ2012 ራይስ ዩኒቨርሲቲ ያለው ኦፕንስታክስ የኮሌጅ ፊዚክስ መጽሐፉን በነፃ ለቀቀ። ይህኛው አልጀብራ ላይ የቆመ ነው። ካልኩለስ ያለበትን የምትፈልጉ የእነሱኑ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አውርዱ፤ ሦስት ቅጽ ነው። ሒሳባችሁ የሚያሠጋ ከሆነ በአልጀብራው ጀምሩ። ማንም አያፍርበት። ኻን አካዳሚ በሚባለው ነፃ የትምህርት ድረ ገጽ ላይ ደግሞ ቬክተርን፣ ሳይንና ኮሳይንን ከሥር ትከልሳላችሁ።

አንድ ልጨምር፤ ይህን በጣም ነው የምወደው። ፌት የሚባል፣ የፊዚክስ ሙከራዎችን ስክሪን ላይ የሚያሠራ ድረ ገጽ አለ። የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን በ2002 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያስጀመረው ነው። ስክሪን ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ ትቀጥላላችሁ፣ ሳጥን ትገፋላችሁ፣ ፍሪክሽን ትጨምራላችሁ፣ ትቀንሳላችሁ። ብዙዎቹን አውርዳችሁ ያለ ኔት መጠቀም ትችላላችሁ። ቤተ ሙከራ ላላየ ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።

ስለ ምንጩ ይበቃል። አድራሻዎቹን በወረቀት አዘጋጅቻለሁ፤ በር ላይ ትወስዳላችሁ።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ግን መጀመሪያ አንድ ጥያቄ። ይቺን ብርቱካን እዩልኝ። (ብርቱካኗን ወደ ላይ ወርውራ ቀለበቻት።) ከእጄ ወጥታለች። ወደ ላይ እየሄደች ነው። የአየሩን ግፊት እንተወው። በዚያች ቅጽበት ብርቱካኗ ላይ የሚሠራው ኃይል የትኛው ነው?

(ከታዳሚው፦ «የእጅሽ ኃይል!» «የእጅና የመሬት!»)

የእጄ ኃይል ያላችሁ እጅ አውጡ። እ... ከግማሽ በላይ ናችሁ። አብሽሩ! የትም ሀገር ብትጠይቁ እንዲሁ ነው። መልሱ ግን የመሬት ስበት ብቻ ነው። እጄ ብርቱካኗን ከለቀቀ በኋላ ምንም አይሠራባትም። ወደ ላይ የምትሄደው የሚገፋት ስላለ አይደለም። ፍጥነት ይዛ ስለወጣች ነው። ስበት ያን ፍጥነት እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ ዜሮ ያደርሰዋል። ከዚያ ወደ ታች ይመልሳታል። ኒውተን ይህን ያሳተመው በ1687 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ግን «የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ የሚገፋው አለ» ብለን እናምናለን። ከልጅነታችን ጀምሮ ጋሪ ስንገፋ፣ አህያ ስንነዳ እንዲህ ነው ያየነው።

በ1992 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሄስቴንስ የሚባል ምሁርና ባልደረቦቹ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን የያዘ ፈተና አሳተሙ። ሒሳብ የለበትም፤ ሐሳብ ብቻ። ብዙ የኮሌጅ ተማሪ ፎርሙላውን እያስገባ መልስ ያወጣል፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ግን ይስታል። ኮርስ ወስዶ፣ ውጤት ይዞ፣ የድሮ እምነቱ እንዳለ ነው ማለት ነው። አያስደነግጥም?

አሁን ቪዲዮን አስቡ። ጥሩ አስተማሪ ነው። ሲያስረዳ ይጣፍጣል። ሰሌዳው ንጹሕ ነው። እኛ ራስ እንነቀንቃለን። «ገባኝ» እንላለን። ገብቶናል?

አንድ ልጅ አውቃለሁ። ስሙን አልጠራም፤ የደላንታ ልጅ ነው። እንደ እሱ ያለ ትጉ ልጅ አላየሁም። ማታ ማታ ወንድሙ ስልክ ላይ ሜካኒክሱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየው። «ቲቸር፣ ጨረስኩ» ብሎ መጣ። ደስ አለኝ። ወረቀት ሰጠሁትና አንድ ሳጥን ተዳፋት ላይ አስቀመጥኩለት። «30 ዲግሪ ነው፣ ፍሪክሽን የለውም። በስንት አክሰለሬሽን ይወርዳል?» አልኩት። በቃ። እስክሪብቶው አልተንቀሳቀሰም። ላብ አጠመቀው። «ሲሠራው እኮ አይቻለሁ!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አይቷል። ያየው ግን ሌላ ሰው ሲሠራ ነው።

ይህን ልጅ ምን እንዳደረግነው ልንገራችሁ። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ዋናው ነገር ይሄው ነው። ያንኑ ኮርስ ከሀ እንዲጀምር አደረግነው። ሕጉ አንድ ነው። አስተማሪው ጥያቄውን አንብቦ እንደጨረሰ ቪዲዮው ይቆማል። ይቆማል! ከዚያ ወረቀት፣ ከዚያ እርሳስ። መጀመሪያ ሥዕል። ሳጥኑን ሣል። የሚነካውን ነገር ሁሉ ቁጠር። መሬት ወደ ታች ይስበዋል፤ አንድ ቀስት። ተዳፋቱ ይገፋዋል፤ ሌላ ቀስት። ሌላ የሚነካው አለ? የለም። አበቃ። ፍሪ ቦዲ ዳያግራም የሚሉት ይህንን ነው። ከዚያ ስበቱን በተዳፋቱ አቅጣጫ ክፈለው። የ30 ዲግሪ ሳይን ግማሽ ነው። ስለዚህ መልሱ የ9.8 ግማሽ፣ 4.9 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር። የሳጥኑ ክብደት የት ገባ? ጠፋ። ለምን ጠፋ? እዚህ ላይ ነው ልጁ ብድግ ያለው። «ቲቸር፣ ከባዱም ቀላሉም እኩል ይወርዳል ማለት ነው?» አለኝ። ይህን ቪዲዮው ውስጥ ሲባል ሰምቶታል። ገና አሁን ነው የራሱ ያደረገው።

ስሕተት ቢሠራስ? ይሥራ! ተሳስቶ ቪዲዮውን የከፈተ ልጅ መልሱን የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። ራሱን ሳይሞክር የከፈተው ዝም ብሎ ያልፈዋል።

ይህ የእኔ ፈሊጥ ብቻ አይደለም። ሪቻርድ ሄክ የሚባል የፊዚክስ ምሁር በ1998 እ.ኤ.አ. የ62 የመግቢያ ፊዚክስ ኮርሶችን ውጤት አሰባስቦ አሳተመ። ከ6,500 በላይ ተማሪዎች ነበሩበት። ተማሪው ዝም ብሎ በሚያዳምጥበት ክፍልና እየሠራ፣ እየተከራከረ በሚማርበት ክፍል መካከል የግንዛቤ ዕድገቱ እጥፍ ገደማ ልዩነት ነበረው። እጥፍ! በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድን ጽሑፍ ለአንዱ ቡድን ደጋግሞ እንዲያነበው ሰጡ። ሌላው ግን አንብቦ፣ ወረቀቱን አስቀምጦ፣ የሚያስታውሰውን እንዲጽፍ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግሞ ያነበበው በለጠ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ከራሱ አውጥቶ የጻፈው በለጠ። ቪዲዮ እንዳየን «ገባኝ» የምንለው የአምስት ደቂቃዋን ውጤት ይዘን ነው። ፈተናው ግን የሚመጣው ከሳምንት፣ ከወር በኋላ ነው።

ደግሞስ ወሎ ይህን ከማንም ይማራል? ሐይቅ እስጢፋኖስ እዚህ አጠገባችን ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ቦታ ነው። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ ብቻ ባለቅኔ ሲሆን ያየ አለ? የለም። ዛፍ ሥር ሄዶ የራሱን ይቆጥራል። መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። ይታረማል። እንደገና ይሄዳል። የእስልምና ትምህርት ወደሚሰጥባቸው ወደ ዳና ሂዱ፣ ወደ ጀማ ንጉሥ ሂዱ። ደረሳው፣ ተማሪው ማለት ነው፣ ሎሁ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ለኡስታዙ በቃሉ ካላሰማ ሎሁ አይታጠብም። ሎሁ ካልታጠበ ሌላ አይጻፍበትም። አባቶቻችን ትምህርት አለፈ የሚሉት ተማሪው መልሶ ሲሰጥ ነው። ይህን ወግ ለፊዚክስ አምጡት። የምዕራፉን መልመጃ ሳትሠሩ ቀጣዩን ቪዲዮ አትክፈቱ። የኢንተርኔት ኮርስ ትልቁ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው። ክፍል ውስጥ መምህሩ ሌላ 60 ተማሪ ስላለበት ጥሎን ይሄዳል። ቪዲዮው ግን ይጠብቀናል።

ፊዚክሱ ደግሞ በራችን ላይ ነው ያለው። አጎቴ ሹፌር ነበር፤ ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ልጅ ሆኜ ወደ ኮምቦልቻ ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ ይወስደኝ ነበር። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ሞተሩ ያጓራል፣ መኪናው ግን ቀስ ይላል። «አጎቴ፣ ለምን አንፈጥንም?» ስለው «ስሚ ልጄ፣ ሐረጎ በማርሽ ነው የሚወረደው። በፎሌ፣ ያለ ማርሽ የወረደ፣ ፍሬን ላይ ብቻ የተማመነ፣ ገደል ነው ዕድሉ» ይለኛል። ለምን እንደሆነ ግን ሁለታችንም አናውቅም ነበር። እሱ በልምድ ያውቀዋል፤ ቁጥሩን አያውቅም።

ቁጥሩን አሁን አብረን እናውጣው። እርሳስ ያላችሁ ጻፉ። መኪናው ከነጭነቱ 100 ኩንታል ይሁን። ያ 10,000 ኪሎ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ከፍታው በ600 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። ስበቱን 10 እንበለው። 10,000 ሲባዛ በ10 ሲባዛ በ600፤ ስንት መጣ? 60 ሚሊዮን ጁል። መኪናው ታች ሲደርስ ቆሞ ከሆነ ያ ሁሉ ኢነርጂ የት ሄደ? ከፊሉን አየሩና ጎማው ይወስዱታል። ሌላው የግድ ሙቀት ሆኖ አንድ ቦታ መውጣት አለበት። 60 ሚሊዮን ጁል ምን ያህል ነው? ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም። ከፍታችን ብዙ ስለሆነ፣ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ፣ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እናቶች ባቄላው አልበስል ብሎ ጋዝ የሚጨርስባችሁ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። እና አንድ ኪሎ ውሃን ከ20 ዲግሪ ወደ 92 ለማድረስ 300,000 ጁል ገደማ ይፈጃል። አካፍሉት። 200 ሊትር! አንድ ሙሉ በርሜል ውሃ ለፍላት ይበቃል። ያን ሁሉ ሙቀት ፍሬኑ ብቻውን ይቻለው? ይግላል፣ ይጨሳል፣ በመጨረሻ መያዙን ይተዋል። ማርሽ ሲቀነስ ግን ሞተሩ ራሱ እየታገለ ከፊሉን ይወስድለታል።

አየ ልቤ! ይህን ስሌት አጎቴ በሕይወት እያለ ባሳየሁት ብዬ እመኛለሁ። ደስ ይለው ነበር።

ቤተ ሙከራ የለንም ለምትሉ ደግሞ ይህን ዛሬ ማታ ሞክሩት። ክርና ጓጉንቸር ቁልፍ ያስፈልጋል። ክሩን ሚስማር ላይ እሰሩ። ከሚስማሩ እስከ ቁልፉ መሐል ልክ አንድ ሜትር ይሁን። ትንሽ ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁት። በስልካችሁ ስቶፕዎች ሄዶ ሲመለስ ቁጠሩ። አንድ ዙር ሁለት ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ግን አንድ ዙር ብቻ አትለኩ! ጣታችን ስልኩን ስትነካ የሰከንድ ሁለት አስረኛ ልትሳሳት ትችላለች። ከሁለት ሰከንድ ላይ ያ 10 በመቶ ነው። 20 ዙር ለኩና ለ20 አካፍሉ። 40 ሰከንድ ላይ ያችው ስሕተት ግማሽ በመቶ ብቻ ትሆናለች። ከዚያ በቀመሩ ስበትን ፈልጉ። አራት ሲባዛ በፓይ ስኩዌር ሲባዛ በክሩ ርዝመት፣ ሲካፈል ለጊዜው ስኩዌር። 9.8 አካባቢ ሲመጣላችሁ ታያላችሁ። መጽሐፍ ላይ የነበረው ቁጥር ከቤታችሁ ግድግዳ ላይ ወጣ ማለት ነው። ወላጆች፣ ልጁ ሚስማር ሲመታ አትቆጡት!

ወደ ሦስተኛው። ኔት፣ ብር፣ ብቸኝነት።

ኔት ይጠፋል። ለረጅም ጊዜ ሲጠፋም አይተናል። ስለዚህ ያገኛችሁ ዕለት አውርዱ። መጀመሪያ መጽሐፉን፣ ቀጥሎ መልመጃውን ከነመልሱ፣ ቪዲዮውን በመጨረሻ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ! አብዛኛው ሰው ገልብጦ ነው የሚያደርገው። ቪዲዮውን ሲያወርድ ፓኬጁ ያልቅና መልመጃው ይቀራል። ለፊዚክስ የቪዲዮው ጥራት ብዙ አያሳስብም፤ ሰሌዳው ከተነበበ 240 ይበቃል። የሌሊት ፓኬጅ ይረክሳል። አንዱ ያውርድ፣ ሌላው በፍላሽ ወይም በሚሞሪ ካርድ ይገልብጥ። አንድ ሰው አንዴ ያወረደውን ሰፈሩ ሁሉ ይማርበት።

እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ፣ ከሥር የሚጽፈውን ጽሑፍ ክፈቱ፣ ፍጥነቱን ቀንሱ። እርስ በርስ ስታስረዱ ግን በአማርኛ አስረዱ። በአፍ መፍቻው ማስረዳት የቻለ ልጅ ነገሩ ገብቶታል።

ብቸኝነቱ ግን ከሁሉ ይከፋል። በዓለም ላይ ለነፃ ኮርስ ከሚመዘገበው ሰው የሚጨርሰው ጥቂቱ ነው። ሰነፎች ስለሆኑ ነው? አይደለም። አንዱ ምክንያት፣ ሲከብዳቸው «እኔም አልገባኝም፣ ና አብረን እንየው» የሚል ሰው አጠገባቸው ስለሌለ ነው። ይሄ እኛ ጋ ይጠፋል? አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ ጎረቤት ሰብስበን በምንቀመጥበት ሀገር? ሦስት አራት ሁናችሁ ተቀመጡ። አንዱ ጥያቄውን ያንብብ። ሁሉም ለየብቻ ይሞክር። ከዚያ ተከራከሩ። መልሱን መጨረሻ ላይ ክፈቱ። አንዱ ሠርቶ ሌላው የሚገለብጥበት ቡድን ግን አይጠቅምም፤ አፍርሱት።

ስለ ሴት ልጆች አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። እናቶች፣ ይህን ለእናንተ ነው የምለው። ወንዱ ልጅ ማታ ስልክ ይዞ ሲቀመጥ «እያጠና ነው» ይባላል። እሷ ስትቀመጥ «ምን ስታደርጊ ነው?» ትባላለች። ዕቃው ይጠብቃታል፣ እንጀራው ይጠብቃታል። ፊዚክስ በአሥር ደቂቃ ቁርጥራጭ አይጠናም። አንድ ከባድ ጥያቄ ለብቻው አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ይቺን አንድ ሰዓት ስጧት። በየቀኑ ስጧት። እኔ እዚህ የቆምኩት እናቴ ያቺን ሰዓት ስለሰጠችኝ ነው። ማሰሮውን እሷ አጠበች፣ እኔ መልመጃ ሠራሁ።

የሚመጣው ቅዳሜ በዚሁ ሰዓት፣ እዚሁ አዳራሽ እንገናኛለን። ፍላሽ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ መጽሐፉንና መልመጃውን እገለብጥላችኋለሁ። ክርና ቁልፍም ይዛችሁ ኑ። የለካችሁትን ቁጥር ጽፋችሁ አምጡ። 9.8 ባይመጣላችሁም አምጡት፤ ለምን እንዳልመጣ አብረን እናየዋለን።

አሁን ጥያቄ። ከኋላ ያለሽው ልጅ፣ ቅድም ጀምሮ እጅሽን አውጥተሻል። ተነሺ፣ ጠይቂ።